መስኮቱ ለምን ነጣ? የፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

ለማታውቁኝ አንባቢዎች፦ ሥራዬ የጥርስ ቴክኒሺያንነት ነው። ቀን ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ በዚያው ወረንጦና በዚያው መብራት የአውሮፕላንና የመኪና ሞዴል እገጣጥማለሁ። ለዚህ ወር አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ መልሼዋለሁ፤ ያው ችግር በሌሎችም ብዙ ደብዳቤዎች ውስጥ ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ የሲ-47 አውሮፕላን ኪት (ገጣጥመው የሚሠሩት የሞዴል ክፍሎች) አመጣልኝ፤ መጠኑ 1/72 ነው፣ ከእውነተኛው 72 እጥፍ ያነሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመጀመሪያ አውሮፕላን ልሠራበት አስቤ ከሱቅ በገዛሁት ሱፐር ግሉ ገጣጠምኩት። ማታ ጨርሼ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው መስኮቶቹ በሙሉ ወተት የፈሰሰባቸው መስለዋል። ጀርባው ላይ ደግሞ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስቱኮ ልቀባው ወይስ አበቃለት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አላበቃለትም፤ እንዳትጥለው።

መስኮቱን ያነጣው የሙጫው ትነት ነው። ሱፐር ግሉ የሚሠራው ሲያኖአክሪሌት ከሚባል ነገር ነው። ሲደርቅ ይተናል፤ ትነቱ በአየር ውስጥ ካለው እርጥበትና ጣትህ መስኮቱ ላይ ከተወው ላብና ቅባት ጋር ሲገናኝ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። ፖሊስ የተደበቀ የጣት አሻራ ከሚያወጣባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ዕቃውን ሣጥን ውስጥ ዘግቶ በሲያኖአክሪሌት ያጥነዋል። አንተም ሳታውቀው አውሮፕላንህን ከውስጥ አጥነኸው አድረሃል።

ከውጭ የነጣውን ማስለቀቅ ቀላል ነው። ቁጥር 2000 የብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርሰህ ሳትጫን እሸው፤ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ትንሽ የጥርስ ሳሙና አድርገህ እያዞርክ አወልውለው። ከውስጥ የነጣው ግን አካሉ ሳይከፈት አይደረስበትም። እዚህ ላይ የሱፐር ግሉ ድክመት ይጠቅምሃል፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፣ ቅዝቃዜ ደግሞ ይበልጥ ተሰባሪ ያደርገዋል። ሞዴሉን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለህ በረዶ ቤቱ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አስቀምጠው። አውጥተህ ወዲያው መጋጠሚያውን በሁለት እጅህ ቀስ እያልክ ወዲህ ወዲያ ብትለው ቀጭ ብሎ ይለቃል። የማይለቅ ቦታ ካለ አታስገድደው፤ መልሰህ አቀዝቅዘው።

አሁን እንደ አዲስ እንገጥመዋለን። የኪቱ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው። ለፖሊስታይሪን የሚሆነው ሙጫ ሁለቱን ጠርዞች አሟሙቶ አንድ አካል ያደርጋቸዋል እንጂ በመካከላቸው ተቀምጦ አያጣብቅም። የታሚያ ኩባንያ ባለ አረንጓዴ ክዳን ኤክስትራ ቲን የሚባለው ውስጡ አሴቶንና ቡቲል አሲቴት ነው፤ ውሃ ያህል ቀጭን ነው። አጠቃቀሙም ከለመድነው ሙጫ ይለያል። መጀመሪያ ሁለቱን ግማሾች ያለ ምንም ሙጫ ግጠምና ብርሃን ላይ ያዘው። ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ጠርዙ ላይ የቀረ ነገር አለና በሞረድ አስተካክል። የሞዴል ሥራ ግማሹ እዚህ ነው የሚያልቀው፤ እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ጥርሱን አሥር ጊዜ ሳልለካ አልጨርሰውም።

በደንብ ሲገጥምልህ ግማሾቹን በጣትህ እንደያዝክ የሙጫውን ብሩሽ መጋጠሚያው ላይ ነካ አድርገህ አንሳ። ፈሳሹ በራሱ በመስመሩ ውስጥ ይሮጣል፤ ዓይንህ እያየ ስድስትና ሰባት ሴንቲሜትር ሲሄድ ታየዋለህ። ጣትህ መስመሩ ላይ ከሆነ ግን ጣትህ ሥርም ይገባና አሻራህን ያትምበታል፤ ስለዚህ ራቅ አድርገህ ያዝ። ሃያ ሰከንድ ያህል ቆጥረህ ቀስ ብለህ ጫነው። ከመስመሩ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ የቀለጠ ፕላስቲክ ብቅ ይላል። አትጥረገው፣ አትንካው። ያ ክር ነው ጀርባው ላይ ያለውን መስመር የሚያጠፋልህ። ቢያንስ አንድ ቀን፣ ካስቻለህ ሁለት ቀን ተወው። ከዚያ ክሩን በምላጭ ላጭተህ በቁጥር 400፣ ቀጥሎ በ600፣ በመጨረሻ በ1000 የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስክ እሸው።

ይህን ሁሉ የማብራራው አንድ ክንፍ ስላበላሸሁ ነው። ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን ክንፍ ላይ የፈሰሰ ሙጫ ልጠርግ ብዬ ጥጥ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነክሬ አሸሁት። ማስለቀቂያው አሴቶን ነበር። ጥጡ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ላነሳው ስል የአውራ ጣቴ አሻራ ክንፉ ውስጥ ገባ። ክንፉ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አዲስ የሚጀምር ሰው ሲመጣ አውጥቼ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ ከብዙ ንግግር ይሻላል።

ስለ ስቱኮው፦ የመኪና ስቱኮ በቀጭኑ ከሆነ ይሠራል፤ ወፍራም ከሆነ ግን ራሱ ፕላስቲኩን ይበላዋል። የተሻለውን በቤትህ ልትሠራው ትችላለህ። ክፍሎቹ ተያይዘው ከመጡበት ፍሬም የተረፈውን ቁርጥራጭ በትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ በዚያው ቀጭን ሙጫ ዘፍዝፈህ አሳድረው። እንደ አብሽ ሲወፍር ክፍተቱ ውስጥ አስገባው። የደረቀው ያው የኪቱ ፕላስቲክ ስለሆነ እኩል ይታሻል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ከጦር ሠራዊት በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። መጀመሪያ ላይ ወንበሮቹ በግድግዳው በኩል የተደረደሩት የወታደር አግዳሚዎች ነበሩ፤ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰር ነበር። ስለዚህ ኪትህ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹና በግራ በኩል ያለው ሰፊ የጭነት በር ካሉ «የወታደር ነው» ብለህ እንዳታስወጣቸው። መስኮቶቹን መልሰህ ስትገጥም ደግሞ አናጢዎች እንጨት የሚያጣብቁበትን ነጭ ኮላ ተጠቀም። ሲደርቅ ብርሃን ያሳልፋል፤ ትነቱም መስኮት አያነጣም።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ የ1/24 የጭነት መኪና ሞዴል ሰጠችኝ። ለግድግዳና ለበር ከምንቀባው የዘይት ቀለም ቀባሁት። ሁለተኛውን ቀለም ለመቀባት የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ሳነሳው የመጀመሪያው ቀለም አብሮ ተላጠ። የበሩ ብሎኖችና ማጠፊያዎችም በቀለም ተደፍነዋል። ጋራዥ ካሉ ወዳጆቼ የመኪና ቀለምና ቲነር ባመጣ ይሻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ የጋራዡን ቲነር አያቅርቡት። የመኪና ቀለም ቲነር ለብረት የተሠራ ነው፤ ፖሊስታይሪን ላይ ሲያርፍ ፊቱን ይበላዋል። ከሥሩ የዘይት ቀለም ካለ ደግሞ ያንን ቀለም ያኮማትረዋል።

ቀለሙ የተላጠው ፕላስቲኩ ስላልታጠበ ይመስለኛል። ክፍሎቹ ፋብሪካ ውስጥ በብረት ቅርጽ ሲጨመቁ ከቅርጹ እንዲለቁ ቅባት ይነካቸዋል፤ በዓይን አይታይም። በእጃችን ስንይዛቸው የእኛ ቅባት ይጨመርበታል። ከመቀባትዎ በፊት ክፍሎቹን ከፍሬማቸው ሳይነቅሉ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ የሳህን ሳሙና፣ ባሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቧቸው። ሙቅ ውሃ አይሁን፤ ቀጭን ክፍል ያጣምማል። በደንብ አለቅልቀው አሳድሯቸው። ከዚያ በሳሳ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት በሚቀባ መነሻ ቀለም) ይጀምሩ። ፕራይመሩ ቀለሙን ከመያዙም በላይ ያልታየ ጭረት ካለ ቀድሞ ያሳይዎታል።

ብሎኖቹ የተደፈኑት ቀለሙ ስለወፈረ ነው። የበር ቀለም ውስጥ ያለው የቀለም ዱቄት ለበር የተፈጨ ነው፤ በ24 እጥፍ ባነሰ መኪና ላይ ሻካራ ይሆናል። በውሃ የሚቀጥን የሞዴል አክሪሊክ ቀለም ቢያገኙ ይመረጣል፤ ሽታው አያስቸግርም፣ ቤት ውስጥም ይሠሩበታል። ወተት ያህል እስኪሆን አቅጥነው በሰፊና ለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይቀቡ። የመጀመሪያው እጅ ሲቀባ ያስቀይማል፤ ፕላስቲኩ በቦታ በቦታ ይታያል። ተመልሰው አይነካኩት። ሲደርቅ ሁለተኛውን የመጀመሪያውን በሚያቋርጥ አቅጣጫ፣ ከዚያ ሦስተኛውን ይቀቡ። በሦስተኛው ይስተካከላል። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ አክሪሊኩ ብሩሹ ላይ ሳለ ይያዛል፤ በየደቂቃው ብሩሹን ውሃ ያስነኩት።

አሁን ያለውን ቀለም የዘይት ስለሆነ ለሳምንት ያህል አድርቀው ገና ካልተላጠው ቦታ ጋር እንዲስተካከል ጠርዙን በ1000 ማሸት ይችላሉ። ፕላስተሩን ደግሞ ሞዴሉ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት እጅዎ ጀርባ ላይ አንዴ ሁለቴ ለጥፈው ያንሱት፤ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ኤርብራሽና ኮምፕረሰር (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጩ መሣሪያዎች) አሁን አይግዙ። ብሩሽ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላለው የእህቴ ልጅ (13 ዓመቱ ነው) ሞዴል መሥሪያ ዕቃ ይዤለት ልሄድ ነው። ምን ምን ልግዛ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የማይያዘውን ልንገርሽ። ቀጭኑ የሞዴል ሙጫ፣ ኢናሜልና ላከር ቀለም፣ ቲነር፣ በቆርቆሮ ያለ ስፕሬይ ቀለም ሁሉም ተቀጣጣይ ናቸው፤ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀዱም። እንደ ቫሌሆ ያለ ሙሉ በሙሉ በውሃ የሚሠራ አክሪሊክ ያዢለት። አክሪሊክ ተብሎ አልኮል ያለበትም አለና ጠርሙሱ ላይ የእሳት ምልክት ካለ ተይው።

መያዝ የሚገባሽ ለሞዴል የተሠራ፣ አንድ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ መቁረጫ ነው። በጥፍር መቁረጫም ይሠራል፤ ግን ፕላስቲኩን ይጨምቀውና የተቆረጠበት ቦታ ነጭ ይሆናል። ሹል ወረንጦ፣ ሁለት ሦስት ጥሩ ብሩሽ፣ ከቁጥር 400 እስከ 2000 የብርጭቆ ወረቀት ጨምሪ። ኪቱን ራሱ ያለ ሙጫ የሚገጠም ምረጪለት፤ እንደዚያ የሚሠሩ ብዙ አሉ። ሙጫ የማግኘቱ ችግር ሳያሰናክለው የመጀመሪያውን ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ የ1/144 ቦይንግ 787-8 እየሠራሁ ነው። በአየር መንገዳችን ቀለም እንዲሆን ፈልጌ የአማርኛውን ጽሑፍና የጭራውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በቤት ፕሪንተር ዲካል ወረቀት (ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሥዕሉ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ) ላይ አተምኩ። ውሃ ውስጥ ስከተው ቀለሙ ሟሟ። በሁለተኛው ሙከራ ተለጠፈልኝ፤ ግን በጽሑፉ ዙሪያ የብር ቀለም ያለው ጥላ ይታያል፣ ጭራው ላይ ያለው ቢጫም ደብዝዟል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሦስቱም የተለያየ ምክንያት አላቸው።

የሟሟው የፕሪንተሩ ቀለም በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ነው። ካተምክ በኋላ በደንብ አድርቀው፤ ከዚያ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በሳሳው ሁለት ሦስት ጊዜ ንፋበትና አሳድረው። በሌዘር ፕሪንተር ብታሳትም ግን ይህ ችግር የለም።

የብሩ ጥላ አየር ነው። ደብዛዛ ቀለም በዓይን ባይታይም ሻካራ ነው፤ ዲካሉ ጉብታዎቹ ላይ ያርፍና በመካከላቸው አየር ይታፈናል። ስለዚህ ዲካል ከመለጠፉ በፊት ሞዴሉ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ መቀባት አለበት። የተለጠፈውንም ማዳን ትችላለህ። በቀጭን መርፌ ጥላው ያለበትን ቦታ ደጋግመህ ውጋና የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ አስነካው። ፈሳሹን ካላገኘህ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮምጣጤ ሞክር፤ ደካማ ነው፣ ግን ለቀጭን ዲካል ይረዳል። በእርጥብ ጥጥ ከመሐል ወደ ዳር ጫነው።

ቢጫው የደበዘዘው የቤት ፕሪንተር ነጭ ቀለም ስለሌለው ነው። የሚያትመው ቢጫ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው ቀለም ወጥቶ ይታያል። ለጥቁሩ ጽሑፍ ግልጹ ዲካል ወረቀት ይበቃል። ለጭራው ግን ዲካሉን ተውና በቀለም ሥራው። ሙሉ ሞዴሉ 39 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚረዝም ጭራው ለፕላስተር የሚመች ስፋት አለው።

መጀመሪያ ጭራውን ነጭ ቀባ። ነጩ ሲደርቅ ቢጫውን ቀባ፤ ቢጫ በራሱ ስለማይሸፍን ነጭ ካልሆነ ቦታ ላይ ይጠፋል። አድርቀው። ቢጫ ሆኖ የሚቀረውን በፕላስተር ሸፍንና የፕላስተሩን ጠርዝ በጥፍርህ አስጠጋ። አሁን ወዲያው ቀዩን አትቀባ፤ በጠርዙ ላይ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ አንድ ጊዜ አሳልፍበት። ከፕላስተሩ ሥር ሾልኮ የሚገባ ነገር ካለ ቫርኒሹ ይገባና ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ቀዩ የሚገባበት ያጣል። አረንጓዴውንም እንደዚያው አድርግ። ፕላስተሩን የምታነሳው ቀለሙ ሲነኩት የማይለጠፍ፣ ግን ገና ያልጠነከረ ሲሆን ነው። ወደ ላይ አትጎትተው፤ በራሱ ላይ ወደ ኋላ አጥፈህ ቀስ እያልክ ሳብ።