በ4ኛው ቀን የጠፋው ነጥብ

የአንባብያን ጥያቄና የእንስሳት ሐኪሙ መልስ

ጥያቄ ከደብረ ብርሃን፦ ቤተሰባችን በሚያስተዳድረው አነስተኛ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ውስጥ 300 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውኃ አኳሪየም አለን። በውስጡ ሁለት ክላውን ዓሣዎች፣ አንድ ቢጫ ታንግ፣ ጥቂት ኮራሎችና ሁለት ሽሪምፖች ይኖራሉ። ከአዲስ አበባ አንድ ዓሣ ገዝተን ከጨመርን ከ10 ቀን ገደማ በኋላ በቢጫው ዓሣ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ወጡ፤ ሰውነቱንም ከድንጋይ ጋር ይፋትግ ጀመር። በሻጩ ምክር የውኃውን ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ከፍ አድርገን፣ ምግቡንም በነጭ ሽንኩርት ጭማቂ አርሰን ብንሰጠው በ4ኛው ቀን ነጥቦቹ ጨርሰው ጠፉ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን በሁሉም ዓሣዎች ላይ በዝተው ተመለሱ፤ አዲሱ ዓሣ ሞተ፤ የቀሩትም ከውኃው ላይኛ ክፍል ተጠግተው አፋቸውን እየከፈቱ ይተነፍሳሉ። ሻጩ አሁን ደግሞ መዳብ ያለበት መድኃኒት ገንዳው ውስጥ እንድንጨምር ነግሮናል። እንጨምር?

መልስ፦ አይጨምሩ፤ ቢያንስ በዚያ ገንዳ ውስጥ አይጨምሩ። በ4ኛው ቀን የጠፉት ነጥቦችም የሚሄዱበት ቀን ደርሶ ሄዱ እንጂ ነጭ ሽንኩርቱም ሆነ ሙቀቱ አላጠፋቸውም።

የገለጹት ሁኔታ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ በሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ከሚመጣው የባሕር ዓሣ የነጭ ነጥብ በሽታ ጋር ይስማማል። ይህ ጥገኛ የዓሣውን ቆዳና ስንጥብ (የሚተነፍስበትን አካል) ሰርስሮ ከላይኛው ሽፋን ሥር ይገባና እዚያው እየተመገበ ከ3 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ እኛ ነጭ ነጥብ አድርገን የምናየው እርሱን ነው። ከጠገበ በኋላ ዓሣውን ለቅቆ ይወርድና አሸዋ ወይም ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ጠንካራ ሽፋን ያበጃል፤ በሽፋኑ ውስጥ ደጋግሞ ይከፋፈልና ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ 200 እና ከዚያም በላይ የሚዋኙ ልጆች ይለቃል። እነዚህ ልጆች በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። በሰፊው ባሕር አብዛኞቹ እንዲሁ ባክነው ይቀራሉ፤ በ300 ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ዓሣዎችዎ ንጹሕ በመሰሉበት ሳምንት በሽታው ወለሉ ላይ እየተባዛ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር አለ። ጥገኛው ከቆዳ ሥር ሳለም ሆነ በሽፋኑ ውስጥ ሳለ አብዛኛው መድኃኒት አይደርስበትም፤ የሚጋለጠው በዋና ላይ ባለባት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሕክምና ነጥቡ በጠፋ ማግስት የሚቋረጥ ከሆነ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሙቀት የመጨመሩ ምክር የመጣው ከጨው አልባ ውኃ ዓሣ አርቢዎች ይመስለኛል። በዚያ ውኃ ውስጥ ተመሳሳይ ነጥብ የሚያወጣ ሌላ ጥገኛ አለ፤ እርሱን ሙቀት ያዳክመዋል። የባሕሩን ጥገኛ ግን ዓሣው ሊቋቋመው በሚችለው ሙቀት ማጥፋት አይቻልም። በእናንተ ከተማ ደግሞ ምክሩ ጉዳት ጭምር አለው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን አይሞላም፤ ውኃው ከአየር የሚቀበለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 26 ዲግሪ ሙቀት ያለው የባሕር ውኃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 6.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ ያው ውኃ ደብረ ብርሃን ላይ 5 ሚሊ ግራም አይሞላም። ሙቀቱን ወደ 30 ሲያደርሱት ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። ስንጥቡ በጥገኛ የተበላ ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍተው ስለዚህ ነው። ዛሬውኑ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 25 ወይም 26 ዲግሪ ይመልሱ፤ ሁለተኛ የአየር መንፊያ ይጨምሩ፤ የፓምፑንም አፍ የውኃውን ገጽ እንዲያናውጥ ወደ ላይ ያዙሩት።

ወደ ሕክምናው ከመግባትዎ በፊት ዛሬ ማታ የክፍሉን መብራት አጥፍተው በእጅ ባትሪ ዓሣዎቹን ከጎን በኩል ይመልከቱ። ነጥቦቹ ተለያይተው የሚቆጠሩና ከነጭ ጤፍ ቅንጣት ያነሱ ከሆኑ ከላይ ያልኩት በሽታ ነው። ነገር ግን የዓሣው ገላ እርድ የተነሰነሰበት መስሎ በደቃቅ ወርቃማ ብናኝ ከተሸፈነ አሚሉዲኒየም የሚባለው ሌላ ጥገኛ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንዳውን ሙሉ ሊጨርስ ስለሚችል በመዳብ ወይም በክሎሮኪን የሚሰጠው ሕክምና ለነገ አይባልም። በክላውን ዓሣዎቹ ላይ ብቻ ነጭ አተላ መሰል ልጋግ ተዘርግቶ ካዩ ደግሞ ብሩክሊኔላን መጠርጠር ይገባል፤ ለእርሱ መዳብ አይሠራም፤ የተለመደው መድኃኒት ፎርማሊን ነው፤ አደገኛ ኬሚካል ስለሆነ ግን ያለ ባለሙያ አይነካም።

የነጭ ነጥቡ በሽታ ከሆነ ዓሣዎቹን በሙሉ፣ ነጥብ የማይታይበትንም ጨምሮ፣ ከገንዳው ያውጧቸው። መዳብ ኮራሉን፣ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን ይገድላል፤ ድንጋዩና አሸዋውም መዳቡን ይመጥጡታል፤ ስለዚህ በውኃው ውስጥ ስንት እንደቀረ ለማወቅ ይቸገራሉ።

እኔ ለእናንተ የምመርጠው መድኃኒት የማይጠይቀውን ዘዴ ነው። እያንዳንዳቸው 60 ሊትር የሚይዙ ሁለት የፕላስቲክ በርሜሎች ወይም ሰፋፊ ሳፋዎች ይግዙ፤ ከዚህ በፊት ሳሙናም ሆነ ጠላ ያልነካቸው ይሁኑ። በአንዱ አዲስ የባሕር ውኃ አዘጋጅተው፣ ሙቀቱንና የጨው መጠኑን ከቀድሞው ጋር አስተካክለው ዓሣዎቹን ያስገቡ። አሸዋም ድንጋይም አይጨምሩ፤ ለመደበቂያ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ይበቃል። በ3ኛው ቀን ሁለተኛውን ሳፋ በአዲስ ውኃ ይሙሉና ዓሣዎቹን አሮጌው ውኃ በተቻለ መጠን ሳይከተላቸው ያዛውሯቸው። የመጀመሪያውን ሳፋ፣ ማሞቂያውን፣ መረቡንና ቧንቧውን በሙቅ ውኃ አጥበው ፀሐይ ላይ ፍጹም እስኪደርቁ ድረስ ያስጧቸው፤ የከተማችሁ የበጋ ፀሐይና ነፋስ ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የላቸውም። በየ3 ቀኑ እንዲህ እያፈራረቁ በጠቅላላው 4 ጊዜ ያዛውሯቸው። ከዓሣው የወረደው ጥገኛ ልጆቹን ከመልቀቁ በፊት ዓሣው ስለሚለየው፣ በ12 ቀን ውስጥ የመጨረሻዎቹ ጥገኞች ሁሉ ወርደው ይቀራሉ። በእነዚህ ቀናት ምግቡን ያሳንሱ፤ ሳፋው ውስጥ የተረጋጋ ማጣሪያ ስለሌለ አሞኒያ በቶሎ ይከማቻል።

መዳብ የሚመርጡ ከሆነ በለይቶ ማቆያ ሳፋ ውስጥ ብቻ ይሁን። ኮፐር ሰልፌት ከሆነ በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም ነጻ መዳብ፣ በ2 ወይም በ3 ቀን ቀስ ተብሎ ደርሶ፣ ቢያንስ ለ3 ሳምንት ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚለኩበት መመርመሪያ ከሌለዎት አይጀምሩት። ሌሎቹ የመዳብ ዝግጅቶች መጠናቸው ስለሚለያይ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ይከተሉ። የውኃውን ጨው በሊትር ከ35 ወደ 16 ግራም ወይም ከዚያ በታች በጥቂት ቀናት አውርዶ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ማቆየትም ይቻላል፤ አሚሉዲኒየምን ግን አያጠፋውም።

ዋናው ገንዳ በዚህ ጊዜ ሁሉ ያለ ዓሣ ይቆያል። በሽፋን ውስጥ ያሉ ጥገኞች እስከ 72 ቀን ድረስ ቆይተው ልጅ እንደለቀቁ ስለታየ፣ 76 ቀን መጠበቅን እመክራለሁ፤ ኅዳር 1 ቀን ዓሣ የወጣበት ገንዳ ገናም ጥምቀትም አልፎ ጥር 17 ቀን ይከፈታል ማለት ነው። ለሆቴል መቀበያ ረጅም ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። ዓሣ የለበትም ብለው ግን ማሞቂያውን እንዳያጠፉ፤ ቅዝቃዜ ጥገኛውን ከመግደል ይልቅ ያስተኛዋል፣ ኮራሉን ግን ይገድለዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መብራት ሲጠፋ የገንዳውንና የዓሣዎቹን ሳፋ ጎን በባና ጠቅልለው ላያቸውን ክፍት ይተዉት፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያም ከማሞቂያው ይቅደም፤ ዓሣ ቅዝቃዜን ለሰዓታት ይታገሣል፣ የኦክስጅን እጥረትን ግን አይታገሥም።

አዲሱ ዓሣ ሲገዛ ንጹሕ ይመስል ነበር ብለው ይሆናል። አንድ ጊዜ ታሞ የተረፈ ዓሣ ለወራት ከፊል መከላከያ ስለሚያዳብር፣ ምልክት ሳያሳይ ጥገኛውን ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። ወደፊት የሚገዙት ዓሣ ሁሉ ለ4 ሳምንት ያህል በለይቶ ማቆያ ይቆይ።

ጥያቄ ከደብረ ሲና፦ የዓሣ ጥገኛን በኮሶ፣ በብርብራ ወይም በእንዶድ ማከም ይቻላል? እናቴ ኮሶ ለሁሉም ይሆናል ትላለች።

መልስ፦ እናትዎ ኮሶን ያወቁት በሰው ሆድ ውስጥ ላለው ኮሶ ትል ነው፤ ለዚያ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ለዓሣ ገንዳ የሚሆን የታወቀ መጠን ግን የለውም። ብርብራን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ በአገራችን የብርብራ ፍሬ ዱቄት ወንዝ ላይ የሚበተነው ዓሣውን አደንዝዞ ለማጥመድ ነው። እንዶድም ቢሆን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ ላይ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ተክል ሲሆን፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው መጠን ዓሣውንም አይምርም። ክሎሮኪን ወይም ፕራዚኳንቴል ለሰው የተዘጋጀውን ክኒን ፈጭቶ መጨመርም ልክ አይደለም፤ በክኒኑ ውስጥ ያለው ማያያዣ ውኃውን ያበላሻል፣ መጠኑም አይታመንም።

ጥያቄ ከሸዋ ሮቢት፦ የባሕር ጨው ውድ ነው። የአፋርን ጨው በጥብጬ ዓሣ ማሳደር እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ባሕር ሲደርቅ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ባንድ ላይ አይረጋም፤ ካልሲየሙ ቀድሞ በጂፕሰም መልክ ይቀመጣል፣ ማግኒዥየሙ በመጨረሻው ፈሳሽ ውስጥ ይቀራል፣ በመካከል የሚረጋው ነጭ ጨው በአብዛኛው ሶዲየምና ክሎራይድ ብቻ ነው። በባሕር ውኃ ውስጥ ከሚሟሟው ነገር እነዚህ ሁለቱ በክብደት 85 በመቶ ያህል ናቸው፤ የቀረው ሰልፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላውም ለዓሣውና ለኮራሉ የግድ ያስፈልጋል። ለደብረ ብርሃኑ ጠያቂ የነገርኩት የ4 ጊዜ ማዛወር ከመጀመሪያው ሙሌት ጋር በ60 ሊትር ሳፋ 300 ሊትር ውኃ፣ ማለትም ወደ 10 ኪሎ ተኩል የተዘጋጀ የአኳሪየም ጨው ይፈልጋል፤ ወጪውን መቀነስ የሚቻለው በትንሽ ሳፋ እንጂ በርካሽ ጨው አይደለም። ጨውን ከአንድ ቀን በፊት በጥብጠው፣ አየር እየነፉበት ያሳድሩት፤ የጨው መጠኑንም ውኃው 25 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ይለኩ።