ቤት በባንክ ብድር ስትገዙ፦ የሕግ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄዎቻችሁ ደርሰውኛል፣ አመሰግናለሁ። ሥራዬ የሽያጭና የብድር ውል መመርመር ስለሆነ አብዛኞቹን ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። የምትጠይቁኝ ከተለያየ አገር ነው፤ ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ የጋራውን መርህ እናገራለሁ፣ ልዩነቱ ትልቅ ሲሆን አገሩን ጠርቼ እለያለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። በብድር ቤት የሚገዛ ሰው የሚፈርመው ሁለት ውል ነው፤ አንዱን ከሻጩ ጋር፣ ሌላውን ከባንኩ ጋር። እናንተ ካላገናኛችኋቸው በቀር ሁለቱ ውሎች አይተዋወቁም። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ለሻጩ ቀብድ ልከፍል ነው። ባንኩ ብድሩን ቢከለክለኝ ገንዘቤ ይመለስልኛል?

መልስ፦ እንኳን ሳትከፍል ጠየቅህ። ውሉ ላይ ካልተጻፈ ላይመለስ ይችላል። ሻጩ የተዋዋለው ቤቱን ሊሸጥልህ ነው፤ ብድር ማግኘት አለማግኘትህ የራስህ ጉዳይ ነው ይልሃል። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ፈረንሳይ ችግሩን በሕግ ፈታዋለች። ከ1979 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብድር የሚገዛ ሰው ብድሩን ካላገኘ ውሉ ይቀራል፣ የከፈለውም ይመለስለታል። እንግሊዝ ውስጥ ሻጭና ገዢ የፈረሟቸውን ውሎች እርስ በርስ እስኪለዋወጡ ድረስ ማንም አይታሰርም፤ ከዚያ በኋላ ግን «ባንኩ ከለከለኝ» ማለት ብቻውን አያድንም።

እንዲህ ያለ ጥበቃ በሌለበት አገር የሚያድንህ ራስህ ያስገባኸው አንቀጽ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የማስገባው ይህን ይመስላል፦

«ይህ ውል የሚጸናው ገዢው እስከዚህ ቀን ድረስ ከባንክ ይህን ያህል ብድር ሲፈቀድለት ነው። ካልተፈቀደለት ውሉ ቀሪ ይሆናል፤ ሻጭም የተቀበለውን ገንዘብ በሙሉ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይመልሳል።»

እያንዳንዱ ቃል ሥራ አለው። የብድሩ መጠን ካልተጻፈ ባንኩ ግማሹን ብቻ ሲፈቅድ ሻጩ «ይኸው ተፈቅዶልሃል» ይልሃል። ቀኑ ካልተጻፈ ሻጩ እስከ መቼ እንደሚጠብቅህ አይታወቅም። «በሙሉ» የሚለው ከወጣ ደግሞ ለወጪዬ ነው እያለ የሚቀንስብህ ይመጣል። ብድሩንም ከልብህ ማመልከት አለብህ። ሰነድ ሳታሟላ ቀርተህ ብትከለከል ሻጩ ጥፋቱ ያንተ ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻህንና የባንኩን የእምቢታ ደብዳቤ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ልገዛው ያሰብኩት ቤት ሻጩ ለወሰደው ብድር መያዣ ነው። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፣ ግን ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ይጠብቁ። መያዣ የሚከተለው ቤቱን ነው። ቤቱ በስምዎ ቢዞር እንኳ የተመዘገበው ዕዳ አብሮት ይመጣል፤ ሻጩ ካልከፈለ ባንኩ የሚሸጠው የእርስዎን ቤት ነው።

የምመክረው አካሄድ ይህ ነው። ከሻጩ ባንክ የቀረውን ዕዳ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስጽፉ። ወለድ በየቀኑ ስለሚጨምር ደብዳቤው እስከ የትኛው ቀን እንደሚያገለግል ይጠቀስ። ከዚያ የእርስዎ ባንክ ያንን ዕዳ በቀጥታ ለሻጩ ባንክ ይክፈል፤ ሻጩ የሚያገኘው የተረፈውን ብቻ ነው። «ገንዘቡን ስጠኝና እኔ ዕዳዬን ልክፈል» የሚል ሻጭ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አይስጡት። በመጨረሻም የዕዳና እገዳ ማጣሪያውን (ቤቱ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ መመዝገብ አለመመዝገቡን የሚገልጸውን ወረቀት) ውሉን ከመፈረምዎ በፊት አንዴ፣ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ደግሞ ሌላ ጊዜ ያውጡ። በሁለቱ መካከል አዲስ እገዳ ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ፦ ብድሩን እስክጨርስ የቤቱ ባለቤት ባንኩ ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ በአብዛኛው አገር አንቺ ነሽ። ባንኩ ያለው የመያዣ መብት ነው። ከወለድ ነፃ ውል ከሆነ ግን አንዳንዱ ዓይነት የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ሊሸጥልሽ ይችላል፤ ወይም አብሮሽ ገዝቶ ድርሻውን ቀስ በቀስ ይለቅልሻል። በዚህ በኋለኛው ባንኩ በእርግጥም የጋራ ባለቤት ነው። ስለዚህ የጥገና፣ የግብርና የአደጋ ወጪ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ብድሩን የምወስደው እኔ ነኝ። ባለቤቴ መፈረም አለባት?

መልስ፦ ባንኩ ባይጠይቅም ትፈርም። በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፤ ያልተስማማው ወገን ፍርድ ቤት ሄዶ ውሉን ማስፈረስ ይችላል። ፈረንሳይም ቤተሰቡ የሚኖርበትን ቤት አንዱ ብቻውን እንዳያስይዝ ትከለክላለች። እንግሊዝ ውስጥ በ1980 እ.ኤ.አ. ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት የወሰነው ትልቅ ጉዳይ አለ። ባል በስሙ ብቻ የተመዘገበውን ቤት አስያዘ። ሚስቱ ግን ለቤቱ ገንዘብ አዋጥታ እዚያው ትኖር ነበር። መብቷ በባንኩም ላይ ይጸናል ተባለ። ስለዚህ ከባለትዳር የምትገዙም ብትሆኑ የሁለቱንም ፊርማ ጠይቁ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ተቃራኒው ነው። ሚስት የብድሩ ውል ላይ ትፈርማለች፣ ቤቱ ላይ ግን ስሟ የለም። ይህ ማለት ዕዳው ላይ አለች፣ ቤቱ ላይ ድርሻ እንዳላት ግን ልትከራከር ነው። ሁለቱን ሰነድ ጎን ለጎን አስቀምጡና ስሞቹን አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ቤት ሲገዛ ዋስ ሁነኝ ብሎኛል። ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድምህን አትርዳ አልልህም። የምትፈርመውን እወቅ ነው የምልህ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለበት ባንኩ ወንድምህን ሳይከስ ቀጥታ ወደ አንተ መምጣት ይችላል። ጣሪያውንም ተመልከት። በኢትዮጵያ ሕግ ዋስትናው የሚደርስበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም።

ጥያቄ፦ ገና ያልተሠራ አፓርታማ በብድር ልገዛ ነው። ግንባታው ቢቆም ለባንኩ መክፈሌን እቀጥላለሁ?

መልስ፦ በመሠረቱ አዎ። እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ውሎች አለመተዋወቃቸው የሚያንገበግበው። ገንቢው ቢጠፋም ባንኩ «እኔ አበድሬያለሁ» ይላል። ስለዚህ ገንዘቡ ለገንቢው የሚለቀቀው ሥራው በደረሰበት ደረጃ ልክ ይሁን፤ ደረጃውን የሚያረጋግጠውም የገንቢው ሰው ያልሆነ መሐንዲስ ይሁን።

ብዙዎች የማይጠይቁት ሌላ ነገር አለ። ገንቢው ራሱ ሕንፃውን አስይዞ ተበድሮ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የእርስዎ አፓርታማ በእሱ ዕዳ ውስጥ ነው። «ገዢው ሲከፍል ይህን ቤት ከመያዣው እለቃለሁ» የሚል ደብዳቤ ከገንቢው ባንክ ሳይያዝ አይፈረምም።

ጥያቄ፦ ሥራዬን ባጣና መክፈል ቢያቅተኝ ባንኩ ወዲያው ቤቱን ይወስደዋል?

መልስ፦ ወዲያው አይወስደውም። ስጋትህ ግን ይገባኛል። «ካልከፈልክ ቤቱ ያለ ምንም ሥርዓት የአበዳሪው ይሆናል» የሚለውን ስምምነት የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ገና በ4ኛው መቶ ዘመን ከልክሎታል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም እንዲህ ያለውን ቃል አያጸናም። አበዳሪው የሚገባው ከሽያጩ ዕዳውን ማግኘት ነው፤ የተረፈው ገንዘብ ያንተ ነው።

መንገዱ ግን ይለያያል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት በአብዛኛው ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ሳይዘገይ ቤቱን ለዕዳው የመሸጥ ሂደት አይጀመርም። ቤቱ ተሸጦ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪውን ትከፍላለህ ወይ የሚለውም እንዲሁ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በብዙ አገር ትከፍላለህ። በካሊፎርኒያ ግን ራስህ ለምትኖርበት ቤት መግዣ የተበደርከው ከሆነ ባንኩ ቀሪውን ሊጠይቅህ አይችልም።

ከሁሉም በላይ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ደብዳቤ እንዳትሸሽ። ማስጠንቀቂያ አልቀበልም ማለት ቀኑን አያስቆመውም። መክፈል ሳያቅትህ በፊት፣ ያለፈህ ክፍያ ሳይኖር፣ የጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ጠይቅ። ባንኩ ከተስማማም ስምምነቱን በጽሑፍ ያዝ። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ በስልክ «አይዞህ፣ ችግር የለም» ያለህ ሐራጁን አያስቀርም። ሐራጁ አይቀሬ ከመሰለህም ራስህ ገዢ ፈልግ። በሐራጅ ብዙ ጊዜ ዋጋ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ወለዱ በመሃል ሊጨምር ይችላል? ቀድሜ ብጨርስስ ቅጣት አለው?

መልስ፦ ሁለቱም ውሉ ውስጥ ነው ያሉት። «ባንኩ በሚወስነው መሠረት ይለዋወጣል» የሚል ካለ ሊጨምር ይችላል። ቀድሞ ስለመጨረስ፣ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለተበዳሪው ይህን መብት ይሰጠዋል፤ አገራቱ ግን ባንኩ ካሣ እንዲጠይቅ ሊፈቅዱ ይችላሉ። በጀርመን የወለድ መጠኑ ለረጅም ጊዜ የታሰረ ብድር እንኳ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ 10 ዓመት ካለፈው በ6 ወር ማስታወቂያ ያለ ካሣ ሊቋረጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንሱን ባንኩ አስገባኝ። ቤቱ ቢቃጠል ገንዘቡ የማን ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ የባንኩ፣ እስከ ዕዳው ድረስ። የተረፈ ካለ የአንቺ። ስለዚህ ኢንሹራንሱ የተገባው በቀሪው ዕዳ ልክ ነው ወይስ እንደገና ለማሠራት በሚበቃ ዋጋ የሚለውን ፖሊሲው ላይ እዪ። በዕዳው ልክ ብቻ ከሆነ ባንኩ ይድናል፣ አንቺ ግን ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ።

ጥያቄ፦ ብድሬን ጨርሻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላ የሚቀረኝ ነገር አለ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት አባቴ! አንድ ይቀራል። ዕዳው አለቀ ማለት መዝገቡ ነፃ ሆነ ማለት አይደለም። ከባንኩ የዕዳ ማጠናቀቂያና የመያዣ መልቀቂያ ደብዳቤ ይቀበሉ፣ ዋናውን ሰነድዎን ይረከቡ፣ ደብዳቤውንም መያዣው ወደተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ወስደው ያሰርዙ። ከዚያ አዲስ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ አውጥተው የመያዣው ምዝገባ መሰረዙን በዓይንዎ ይዩ። ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት ካለፉ ወረቀቱን ፍለጋ የሚንከራተቱት ልጆችዎ ናቸው፤ ቢችሉ በዚሁ ሳምንት ይጨርሱት።