መልስ፦ የመኪና መገናኛ ራዲዮዬ ይቀበላል፣ ስናገር ግን ማንም አይሰማኝም

ራዲዮውን አትጠርጥረው፤ አንቴናህ ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የኤሌክትሪክ ግንኙነት፣ አላገኘም። ፖርቶመጋላው ላይ አሰርኩት ብለሃል። እሱ ደግሞ ቀለም የተቀባ ነው፣ እግሩም የሚያርፈው ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ከቦዲው ጋር አይገናኝም። ለመቀበል ይህ ብዙ አይከብደውም። ስትናገር ግን ጉልበቱ ከአንቴናው ወደ ራዲዮው ይመለሳል።

አንቴናውን አውርድና ጣሪያው መሃል ላይ ትከለው። በ150 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ የቪኤችኤፍ (እንዲህ ያሉ ራዲዮኖች የሚጠቀሙበት ሞገድ) አንቴና ዘንግ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በዙሪያውም ቢያንስ ያን ያህል ቆርቆሮ ይፈልጋል። ከጣሪያው ስር ቡሎኑ የሚነክስበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ ብዙ ገጣሚ የሚዘለውም ይሄንኑ ነው። ከላይ ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈነው፣ አለዚያ በክረምት ውኃ ያስገባል።

ጣሪያ መብሳት ካሳሰበህ በማግኔት የሚለጠፍ አለ። ለኮረኮንች መንገድ ግን አልመክርህም።

ከዚያ በኤስደብሊውአር ሜትር (ከአንቴናው ምን ያህል ጉልበት እንደሚመለስ በሚያሳይ መለኪያ) ለካ። ከ1.5 በታች ካሳየህ ጨርሰሃል።

እስክትለካው ድረስ ግን መናገሪያውን ደጋግመህ አትጫን። «እስኪ አሁንስ ይሰማል?» እየተባለ የማስተላለፊያ ትራንዚስተራቸው የተቃጠለ ራዲዮኖች አይቻለሁ። ከ3 በላይ ካነበበ ወዲያው አጥፋው።