ስለ ሰውነታችን አሠራር ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። የሰውነትን አሠራር ሳስተምር ዓመታት አስቆጥሬያለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ማንም የፈለገውን ይጠይቀኝ ብያለሁ። ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙ ዘንድ ይሂድ፤ እኔ የምመልሰው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ትኩሳት ሲይዘኝ ግንባሬ እሳት ይሆናል፣ እኔን ግን ብርድ ያንዘፈዝፈኛል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሆናሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ሰው ትኩሳትን እንደ ብልሽት ስለሚያየው ካንቺ ጥያቄ ልጀምር። አንጎላችን ግርጌ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ሙቀታችን 37 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን የሚጠብቀው እሱ ነው። ተህዋስያን ሲገቡብን ነጭ የደም ሴሎች መልእክት የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ፤ በዚህ የተነሳ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ይመረትና ሃይፖታላመስ ልኩን ከፍ ያደርገዋል፤ ወደ 39 አሳደገው እንበል። ሰውነትሽ ገና 37 ላይ ስለሆነ ለአንጎልሽ 2 ዲግሪ ጎድሎታል። ስለዚህ በረደኝ ያሰኝሻል። ሙቀት እንዳያመልጥ ቆዳ አጠገብ ያሉት ደም ስሮች ይጠባሉ፤ ጡንቻዎችም ሙቀት ለማመንጨት ይንቀጠቀጣሉ። ትኩሳቱ ገና በመውጣት ላይ ያለ ሕፃን ግንባሩ እየጋለ እግሩ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው።

ሙቀቱ 39 ሲደርስ ብርዱ ይተዋል። በሽታው ሲሸነፍ፣ ወይም የፕሮስታግላንዲንን ምርት የሚቀንሰው ፓራሲታሞል ሲወሰድ፣ ልኩ ወደ 37 ይመለሳል። ያን ጊዜ ያቺው 2 ዲግሪ ትርፍ ትሆናለች፤ ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ላብ ያጠምቃል። «አላበው፣ ሊሻለው ነው» የሚሉ ሰዎች በትክክል ያስተዋሉት ነገር አለ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሰው ሐሩር ላይ ሲሠራ ውሎ ሰውነቱ ቢግልስ? እሱም ትኩሳት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ልዩነቱንም ማወቅ ሕይወት ያድናል። እዚያ ልኩ አልተነሳም፣ አሁንም 37 ነው። ሰውነት ሙቀቱን ማስወገድ አቅቶት ነው የጋለው። ስለዚህ ፓራሲታሞል ምንም አይፈይድም። ሙቀቱ ከ40 አልፎ ሰውየው መዘባረቅ ከጀመረ ወዲያውኑ በውኃ ማቀዝቀዝና ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ልቤ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ስትመታ ነው የኖረችው። እጄ ትንሽ ሲሠራ ይዝላል፣ እሷ እንዴት አትደክምም?

መልስ፦ ታርፋለች እኮ! በደቂቃ 75 ጊዜ በምትመታ ልብ አንዱ ዙር 0.8 ሰከንድ ይፈጃል። ደም የሚረጩት የታችኞቹ ክፍሎች የሚኮማተሩት 0.3 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ በቀሪው 0.5 ሰከንድ ይላላሉ። ብትደምረው ከ24 ሰዓት ውስጥ 15 ያህሉ ዕረፍት ነው፤ በቁርጥራጭ የተከፋፈለ ዕረፍት።

ጆሮህን የቅርብ ሰው ደረት ላይ ለጥፈህ አድምጥ። ሁለት ድምፅ ተከታትሎ ይሰማሃል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ደግሞ ሁለት። ድምፆቹ የልብ በሮች ሲዘጉ የሚሰሙ ናቸው፤ ረዘም ያለው ዝምታ ዕረፍቱ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ትልቅ ሥራ ይሠራል፦ የግራው የልብ ጡንቻ ራሱ ደም የሚያገኘው በአብዛኛው ያኔ ነው። ሲኮማተር በውስጡ የሚያልፉትን ደም ስሮች ይጫናቸዋልና። ልብ ከመጠን በላይ ስትፈጥን ይበልጥ የሚያጥረውም ይህ የዕረፍት ጊዜ ነው፤ ጉዳቱ ከዚያ ይመጣል። በዚያ ላይ ከልብ ጡንቻ ሴል ይዘት ሲሶ የሚጠጋው ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ቆዳ ሥር የሚታየው ደም ስር ሰማያዊ ነው። ኦክስጅን የሌለው ደም ሰማያዊ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ሰማያዊ ደም የለንም። ኦክስጅን የያዘው ደማቅ ቀይ፣ የቀነሰበት ደግሞ ጥቁር ቀይ ነው። ለምርመራ ደም ሲወሰድ መርፌው የሚገባው ደም መልስ ውስጥ፣ ማለትም ኦክስጅን የቀነሰበትን ደም ወደ ልብ በሚመልሰው ደም ስር ውስጥ ነው፤ ብልቃጡን ልብ ብለህ እየው፣ ጥቁር ቀይ ነው። ሰማያዊ የሚያስመስለው ብርሃን በቆዳ ውስጥ አልፎ የሚመለስበት መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ወድቄ ጭኔ በልዟል። መጀመሪያ ቀይ ነበር፣ ከዚያ ጠቆረ፣ በሳምንቱ አረንጓዴ፣ አሁን ቢጫ ሆኗል። እየመገለ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፤ ቀለሙ እንዲህ እየተቀያየረ ከደበዘዘ የጽዳቱ ሥራ በደንብ እየሄደ ነው። ስትወድቂ ቀጫጭን ደም ስሮች ተበጥሰው ደም ቆዳ ሥር ፈሰሰ። የደም ቅላት የሚመጣው ከሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅኑን ሲያጣ ጠቆረ። ከዚያ በላተኛ ሴሎች ደርሰው ሄሞግሎቢኑን መበታተን ጀመሩ። መጀመሪያ የሚወጣው ቢሊቨርዲን አረንጓዴ ነው፤ እሱ ወደ ቢጫው ቢሊሩቢን ይለወጣል። አንዳንዴ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቡናማ ጥላ ብረት ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቀለሞቹ እንዲህ ጎልተው አይታዩም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ቦታው እያበጠ፣ እየጋለ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ግን ሐኪም ይየው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ጭንሽ ላይ ያየሽው ነገር በውስጥሽ ያለማቋረጥ መካሄዱ ነው። አንድ ቀይ የደም ሴል የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነው። ያረጀው ይፈርሳል፣ ብረቱ ተለቅሞ ወደ መቅኔ ይመለሳል፣ መቅኔውም በየሰከንዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ሴሎችን ይሠራል። ቢሊሩቢኑን ጉበት ይቀበልና ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። የሰገራ ቡናማነትና የሽንት ቢጫነት ከዚሁ ነው የሚመጣው። ይህ መንገድ ሲዘጋ ወይም ጉበት ሲታመም ቢሊሩቢኑ ይጠራቀምና የዓይን ነጩ ቢጫ ይሆናል፤ የወፍ በሽታ የምንለው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሳለቅስ አፍንጫዬ ለምን ይፈሳል?

መልስ፦ ዕንባሽ ነው። በዓይንሽ የውስጥ ጥግ፣ በአፍንጫሽ በኩል፣ የዓይን ቆብሽ ጠርዝ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አለ፤ በመስታወት ይታያል። ከዚያ የሚነሳው ቱቦ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ዕንባው ሲበዛ ከፊሉ በጉንጭ፣ ከፊሉ በዚያ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ የጨጓራ አሲድ ሥጋ የሚፈጭ ከሆነ ጨጓራ ራሱን ለምን አይፈጭም? እኔ አልሰር አለብኝና ነገሩ ያሳስበኛል።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርዎት። ጨጓራ ውስጥ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ብርቱ ነው፤ የጨጓራው ሲጠነክር ከ1.5 እስከ 2 ይወርዳል። የጨጓራ ግድግዳ ግን ወፍራም ልጋግ ለብሷል፤ በልጋጉ ውስጥ አሲዱን የሚያመክን ባይካርቦኔት አለ። የላይኛው የሴሎች ሽፋንም በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዲስ ይተካል። አልሰር የሚመጣው ይህ ጥበቃ ሲሸነፍ ነው።

ለረጅም ጊዜ ጥፋተኞቹ ጭንቀትና ቅመም ናቸው ሲባል ኖሯል። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ግን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ፣ አልሰር የሚያመጣ ባክቴሪያ አገኙ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥም ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሌላው ዋና ምክንያት እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ማዘውተር ነው፤ ጨጓራን የሚጠብቀውን ፕሮስታግላንዲን ስለሚቀንሱት። አዎ፣ ያው ከላይ በትኩሳቱ ያየነው ነው። ባክቴሪያው ተመርምሮልዎት የማያውቅ ከሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በአንቲባዮቲክ ይድናል።

ጥያቄ፦ ዓይናችን ውስጥ ጭራሽ የማያይ ቦታ አለ ይባላል። እኔ ግን ቀዳዳ አይቼ አላውቅም።

መልስ፦ አሁን ታየዋለህ። ሁለት እጅህን ወደ ፊት ዘርጋና አውራ ጣቶችህን አቁመህ ጎን ለጎን አድርጋቸው። ግራ ዓይንህን ጨፍን። በቀኝ ዓይንህ የግራ አውራ ጣትህን ብቻ ትክ ብለህ እያየህ፣ ቀኝ እጅህን በቀስታ ወደ ቀኝ አርቀው።

ጥያቄ፦ ስንዝር ሳይሞላ ጫፉ ጠፋብኝ! ትንሽ ሳርቀው ደግሞ ተመለሰ። ምንድነው የሆነው?

መልስ፦ ዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፤ ሬቲና ይባላል። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት የነርቭ ክሮች የሚነሱት ከሬቲናው የፊት ገጽ ነው። ለመውጣት አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው ሬቲናውን በስተው ያልፋሉ፤ በዚያ ቦታ ብርሃን የሚቀበል ሴል የለም። ጣትህ የጠፋው ምስሉ እዚያ ሲያርፍ ነው። ቀዳዳ የማታየው አንጎልህ በዙሪያው ባለው ነገር ስለሚሞላው ነው፤ ሁለቱም ዓይኖችህ ሲከፈቱ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ኦክቶፐስ ይህ ጣጣ የለበትም፤ የእሱ ነርቮች የሚነሱት ከሬቲናው ጀርባ ነው።