አዲስ መኪናህን በእጅህ ከማጠብህ በፊት የእኔን ጥፋት ስማ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። «አዲስ መኪና ገዛሁ፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ላቫጆ መውሰድ ስለማልፈልግ ራሴ ላጥባት አስቤአለሁ፤ ለጀማሪ የሚሆን ሻምፑና የቀለም መከላከያ ምን ልግዛ?» ብለህ ጠይቀሃል። ቀለሟን አልነገርከንም። ጥቁር ናት ብዬ እገምታለሁ፤ የእኔም ጥቁር ናት። ነጭ ከሆነች ጭረት ብዙም ስለማይታይባት ፈጣሪ ግማሹን ጭንቀት አቅልሎልሃልና ግማሹን ምክር ዝለለው።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ያንተን አቧራ አውቀዋለሁ። በበጋ ማታ አጥበህ ያቆምካት መኪና ጠዋት ስትወርድ ኮፈኗ ላይ ስም ሊጻፍበት የሚችል አቧራ ለብሳ ትጠብቅሃለች። የሰፈር ልጆችም ይጽፉበታል፤ በጣታቸው፣ ከነአሸዋው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋልካው ፓራፋንጎ ሥር ተለጥፎ እንደ ምርጊት ይደርቃል። የዚህ ሁሉ መፍትሔ ውድ ዕቃ መግዛት አይደለም። እኔ በውድ ዕቃ ነው የተቃጠልኩት። ለማንኛውም በቁጥር ልዘርዝርልህ።

1. የልብስ ዱቄት ሳሙና አታስጠጋባት። ቅባት እንዲገፍፍ የተሠራ ነው፤ ሲገፍፍም የቀባኸውን ሰም አብሮ ይዞት ይሄዳል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽም ያው ነው። የመኪና ሻምፑ ግዛ፤ ጠርሙሱ ላይ «ፒ ኤች ኒውትራል» (አሲድም አልካሊም ያልሆነ፣ ለስላሳ ማለት ነው) የሚል ካለበት ደህና ነው። ለአንድ ባልዲ የሚበቃው ትንሽ ነው፤ መጠኑ በጀርባው ተጽፏል። እኔ ግማሽ ሊትሩን ከአራት ወር በላይ እጠቀምበታለሁ። አረፋ ስለበዛ ብቻ ጥሩ ሻምፑ ነው ብለህ አትሸወድ።

2. ሁለት ባልዲ ያዝ፤ አንዱ ለሻምፑ፣ ሌላው የምታጥብበትን ጓንት ለማለቅለቂያ። ውሃ በፈረቃ እንደምታገኝ አልጠራጠርም፤ ስለዚህ ሒሳቡ ይኸውልህ። ሦስት ጀሪካን፣ 60 ሊትር ይበቃሃል። አንዱን ጀሪካን በአትክልት ማጠጫ እያደረግህ ከጣሪያዋ ጀምረህ ታወርደዋለህ፤ በዚህ ጊዜ መኪናዋን በእጅህም በጨርቅም አትንካት። አቧራው በራሱ ፈሶ ይውረድ። ሁለተኛውን ለሁለቱ ባልዲዎች ታካፍላለህ፤ ሦስተኛው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ነው። የምታጥበው በማይክሮፋይበር (በጣም ከቀጫጭን ክሮች በተሠራ) ጓንት ነው። ስፖንጅ አሸዋውን ፊቱ ላይ ይዞ እየጎተተ ይቧጭራል፤ የጓንቱ ፀጉር ግን አሸዋውን ወደ ውስጥ ይውጠዋል። ከላይ ወደ ታች ውረድ፤ ፓራውልቱና የበሩ ታች መጨረሻ፣ ቸርኬው ደግሞ በሌላ ጨርቅ። ጓንቱ መሬት ከወደቀብህ ለዚያ ቀን ተሰናበተው።

3. ሰም። እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

መኪናዋን በወሰድኩ በሦስተኛው ሳምንት መርካቶ ወረድኩ። ሱቁን አልጠራውም። «ለአዲስ መኪና መከላከያ ሰም ስጠኝ» አልኩ። ሻጩ ከስልኩ ቀና ሳይል አንድ ጠርሙስ ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ይህ ከሰም ይበልጣል፤ መስታወት ያስመስላታል» አለኝ። 1,900 ብር ከፈልኩ። ጠርሙሱ ላይ የምታብለጨልጭ ቀይ መኪና ሥዕል አለ፤ እሱ በቃኝ።

እሑድ ረፋድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አሮጌ ካናቴራዬን ይዤ ክብ ክብ እያደረግሁ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈተግኋት። ፈሳሹን በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መካከል ሳሸው የሆነ የሚኮሰኩስ ነገር ነበረው፤ እንጀራ ስትበላ ጥርስህ መካከል እንደሚገባ የአሸዋ ቅንጣት ያለ። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። «ጥራቱ ይሆናል» ብዬ ቀጠልኩ። ጎረቤቶቼ በሰገነት ላይ ሆነው ያዩኝ ስለነበር ጉልበቴን ጭምር እያሳየሁ ነበር።

ማታ ከመንገድ መብራት ሥር ሳቆማት ኮፈኗ ላይ የመብራቱን ብርሃን ከብቦ የሸረሪት ድር ተዘርግቶ አየሁ። በእጄ ብጠርገው አልሄደም። በምራቅ ሞከርኩ። ቀና ብዬ ጣሪያዋን አየሁ፤ እዚያም አለ።

በማግሥቱ ጋራዥ ወሰድኳት። የቀለም ባለሙያው ጠርሙሱን ገልብጦ አነበበና ሳቀ። ኮምፓውንድ ነው። ቀለም ተቀብቶ በብርጭቆ ወረቀት ከተላገ በኋላ ጭረቱን ለማጥፋት የሚሠሩበት። ልዩነቱን ያኔ ነው የተማርኩት፤ ኮምፓውንድና ፖሊሽ ይፍቃሉ፣ ሰም ግን ይሸፍናል። ከቀለሙ በላይ ያለችው ግልጽ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ብትሆን ነው፤ ከራስ ፀጉርህ ትቀጥናለች። ያቺን ነው ገንዘብ ከፍዬ የፋቅኋት። ድሩን በማሽን ለማስለቀቅ 9,000 ብር ከፈልኩ፤ ማሽኑም ያው ከሽፋኗ ላይ ቀንሶ ነው የሚያስተካክለው።

ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። ሻጩ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ከዚያ ጠርሙሱን አንሥቶ «ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ፤ ማንበብ አትችልም?» አለኝ። ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። ግን እውነቱን ለመናገር አላነበብኩም ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አዲስ መኪና የሚፋቅ ነገር የላትም። «ጭረት ያጠፋል» የሚል ጠርሙስ ካየህ መልሰው። ለጀማሪ የሚሻለው የሚረጭ ሰም ነው። ጥላ ሥር፣ ቆርቆሮው ቀዝቅዞ፣ ጥቂት ጥቂት እየረጨህ በደረቅ ማይክሮፋይበር ታብሰዋለህ፤ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ከ2,000 ሜትር በላይ ሆነን የምንሞቀው ፀሐይ ቀለም ላይ ይበረታል፤ ስለዚህ እኔ በየወሩ እደግመዋለሁ። ሰሙ መኖሩን ለማወቅ ውሃ አፍስስበት፤ ኮባ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጠብታ ድቡልቡል ብሎ ከተንከባለለ አለ፤ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ ከቀረ አልቋል። ሴራሚክ (ቀለሙ ላይ ደርቆ የሚጠነክር መከላከያ ሽፋን) ቀባ የሚሉህን ለጊዜው እለፋቸው። አበላሽተህ ከደረቀብህ የሚያነሣው ያው ፖሊሽ ነው፤ እኔ ወደወጣሁበት ጉድጓድ ትገባለህ ማለት ነው።

4. ዘበኛው። ይህን ማንም አይነግርህም። የእኛ ዘበኛ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ደግ ናቸው። ሁልጊዜ ማለዳ ያችኑ አንዲት እርጥብ ጨርቅ ይዘው የብሎኩን መኪና ሁሉ በተርታ ይወለውላሉ፤ የኮሮላውን አሸዋ ለእኔ፣ የእኔን ለጎረቤቴ። ለጉርሻ ብለው ብቻም አይደለም፤ አቧራ ማየት አይወዱም። ብዙ ሳምንት እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ቆየሁ። በመጨረሻ «አባባ፣ በየወሩ 200 ብር እሰጥዎታለሁ፤ የእኔን ግን አይንኩብኝ» አልኳቸው። ግራ ተጋብተው አዩኝና ተቀበሉ። ላለመሥራት ደመወዝ ሲከፈላቸው የመጀመሪያቸው እንደሆነ ለግቢው ሁሉ አውርተዋል። ከዚያ ወዲህ ኮፈኗ ላይ አዲስ ጭረት አላየሁም።

5. የት እንደምታጥብ አስቀድመህ ጠይቅ። እኔ መኪናዋን ሻምፑ በሻምፑ አድርጌ ሳለሁ ነው የነዋሪዎች ኮሚቴ አባል መጥቶ «ግቢ ውስጥ ማጠብ ክልክል ነው» ያለኝ። ላለቅልቃት ብዬ ብለምን «ደንብ ደንብ ነው» ብሎ ጀሪካኔ አጠገብ ቆመ። ተከራክረን ሳንጨርስ ሻምፑው ደረቀ። አሁን ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከግቢው ውጭ አጥባታለሁ፤ ፀሐዩም ያኔ አይጎዳም፣ ኮሚቴውም አልተነሣም።

እንግዲህ ሻምፑ፣ ጓንት፣ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ትልቅ ማድረቂያ ፎጣ፣ ሦስት ትንንሽ ማይክሮፋይበርና የሚረጭ ሰም፤ ሌላ አትግዛ። ጨርቆቹን ከልብስ ለይተህ እጠብ፤ የልብስ ማለስለሻ አታድርግባቸው፣ ውሃ መምጠጥ ያቆማሉ። የጎማ ማጥቆሪያ ጨምር የሚልህ ካለ በዚህ ጭቃ ለማን ብለህ ነው?

ከኮምፓውንዱ ግማሽ ጠርሙስ ተርፎኛል። የጎረቤቴን ኮሮላ ቢጫ የሆነ የፊት መብራት ጠርጌበት እንደ አዲስ ጠርቷል፤ ለፕላስቲክ መብራት ግሩም ነው። እዚህ ቡድን ውስጥ አሮጌ መኪና ያለው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ካለ መጥቶ ይውሰደው።