ሸክላው ቤዝ አልባ ሆኖ እምምም ሲል

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዳማ ነው። ከዘመድ ያገኘሁትን የሸክላ ማጫወቻ በቤት አምፕሊፋየሬ ኦክስ ላይ ስሰካው ድምፁ እምብዛም አይሰማም። አንድ ሠራተኛ መሃል ላይ የማይክ ፕሪአምፕ ሲያስገባልኝ ጮኸ፤ ግን ቤዝ የለውም፣ ዘፋኙ «ሰ» ባለ ቁጥር ጆሮ ይበሳል፣ እምምም የሚል ድምፅም አለው። መርፌውን የያዘውን የማጫወቻውን ክንድ ስነካው ይቀንሳል። ፕሪአምፕም ፎኖም ልግዛ?

መልስ፦ ፕሪአምፕ አይግዙ። ቮልዩምና መምረጫ ያለው አምፕሊፋየር ፕሪአምፑን ውስጡ ይዟል። የጎደለዎት ፎኖ ነው፤ የሸክላን ደካማ ድምፅ አጉልቶ ቤዙንና ቀጭኑን ወደ ቦታቸው የሚመልስ መሣሪያ ማለት ነው። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ የዕቃዎቹን ጀርባ ይዩ። አምፕሊፋየሩ ፎኖ የሚል ቀዳዳ ካለው እዚያ ይሰኩ። ማጫወቻው ፎኖ/ላይን የሚል ማብሪያ ካለው ላይን ላይ አድርገው ኦክስ ውስጥ ይሰኩ። ሁለቱን ከደራረቡ ግን ቤዙ አብጦ ድምፁ ይበላሻል።

እኔን ያሳሰበኝ ክንዱ ነው። ሲነኩት የሚለወጥ እምምምታ ግራውንድ (የክንዱን ብረት ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከፎኖው ብረት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ) ተቆርጧል ማለት ነው፣ አለዚያም የማይሆን ቦታ ታስሯል። ከማጫወቻው ጀርባ የሚወጣውን ጫፉ ሹካ የሆነ ቀጭን ሽቦ ይከተሉ። የማይክ ፕሪአምፕ የግራውንድ ብሎን ስለሌለው ያ ሠራተኛ ሽቦውን ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራል (የማይነዝረው የመብራት ሽቦ) ላይ አስሮት ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሁለት እግር ያለው ሶኬት ተገልብጦም ይገባል፤ ዛሬ ኒውትራል የነበረው ነገ ፌዝ (የሚነዝረው) ይሆናል። ያ ሽቦ ደግሞ ከክንዱ ብረት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጣትዎ 220 ቮልት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ሁለቱንም ዕቃዎች ከግድግዳው ይንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

የማይክ ፕሪአምፕ ለምን እንደማይሆን ልንገርዎ። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ባይቀነስ መርፌው የሚሄድበት መስመር እየተወላገደ ጎረቤቱን መስመር ይነካል፣ አንዱ ፊት የሚይዘው ደቂቃም ያጥራል። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ የሸክላውን ሽሽታ እንዲበልጥ ይጨመራል። ፎኖ ይህንን መልሶ ይገለብጣል። መስፈርቱ በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣው አር አይ ኤ ኤ ነው። 1,000 ኸርዝን መነሻ ካደረግን፣ 50 ኸርዝን 7 እጥፍ ገደማ ያሳድጋል፣ 10,000 ኸርዝን ወደ አምስተኛው ያወርዳል። የማይክ ፕሪአምፕ ሁሉንም እኩል ያጎላል። የእርስዎ ቤዝ አንድ ሰባተኛ ሆኖ ሲቀር ቀጭኑ ድምፅ አምስት እጥፍ ሆኗል፤ 35 እጥፍ መዛባት የቶን ቁልፍ በማዞር አይመለስም። የግድግዳው መብራትም 50 ኸርዝ ስለሆነ ፎኖ እምምምታውንም ሰባት እጥፍ ያሳድገዋል። ግራውንዱ ቀድሞ ካልተስተካከለ አዲሱ ፎኖ ከአሁኑ ብሶ ይጮህብዎታል።

የሚገዙት ኤም ኤም የሚል፣ 40 ዲሲቤል የሚያሳድግ፣ መግቢያው 47 ኪሎኦም የሆነ፣ ግራውንድ ብሎን ያለው ሳጥን ነው። ካርትሪጅ ማለት ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው መርፌውን የያዘ ክፍል ነው። ኤም ኤም የሚባለው (ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት) 5 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጣል፤ መቶ እጥፍ ሲሆን ግማሽ ቮልት ነው፣ ለኦክስ ይበቃል። ካርትሪጅዎ ኤም ሲ (ጥቅልሉ የሚንቀሳቀስበት፣ ብዙ ጊዜ ድምፁ ይበልጥ ደካማ የሆነ) ከሆነ 60 ዲሲቤል ገደማ ይፈልጋል። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ርካሽ አዳፕተር ብዙ ጊዜ ራሱ ጫጫታ ነው፤ ቮልቱንና ፕላስ ማይነሱን በቴስተር ሳያዩ አይሰኩት።

የግራውንድ ሽቦውን ሹካ፣ ሹካው ከተቆረጠም ጫፉን 1 ሴንቲሜትር ልጠው፣ ሳጥኑ ብሎን ላይ በካቻቢቴ ያጥብቁ። በቴስተር ከክንዱ ብረት እስከ ሽቦው ጫፍ ጥቂት ኦም ብቻ ሊያሳይ ይገባል። የካርትሪጁን እግሮች ግን በኦም አይለኩ፤ ጥቅልሉ ቀጭን ነው። ከማጫወቻ እስከ ፎኖ ያለው ገመድ ከ1 ሜትር ብዙም አይለፍ። ገበያ ላይ ያለው ባለ 5 ሜትር ቀይና ነጭ ገመድ መከለያው ጥቂት ክር ብቻ ነው፤ 500 ፒኮፋራድ ገደማ ካፓሲታንስም (ኤሌክትሪክ የማከማቸት አቅም) ስለሚጨምር ቀጭኑን ድምፅ ያጎብጠዋል። ርቀት ካስፈለገ ከፎኖ እስከ አምፕሊፋየር ያለውን ያርዝሙ። የፎኖው መውጫ ኦክስ፣ ሲዲ ወይም ቴፕ ላይ ይገባል።

አሁንም ያንን ሽቦ ወደ ሶኬት፣ ወደ ኒውትራል ወይም ወደ ውሃ ቧንቧ አይውሰዱት። በብዙ ቤት የግድግዳው ሦስተኛ ቀዳዳ ከኋላው ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) የለውም።

እምምምታው ካልጠፋ ቮልዩሙን ዜሮ አድርገው የማጫወቻውን ገመድ ከፎኖው ይንቀሉና ቀስ ብለው ይጨምሩ። ከቀጠለ መጀመሪያ አዳፕተሩን ይጠርጥሩ። ከቆመ ማጫወቻውን ከአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ግማሽ ሜትር ያርቁት።