ትንሽ ብር፣ ደህና ድምፅ፦ ስለ ኮምፒውተር ስፒከር ጥያቄና መልስ

ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፦ ስፒከሩ «እምምም» አለ ብላችሁ የግራውንድ ሽቦ (ኮረንቲ ሲያፈተልክ ሰው እንዳይዝ ወደ መሬት የሚወስደውን) እንዳትቆርጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የትኛውን ስፒከር ልግዛ?

መልስ፦ በስንት ብር? ለምን ያህል ክፍል? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ «3000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚል አየሁ። ዋጋውም ርካሽ ነው። ልውሰደው?

መልስ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር! ፒኤምፒኦ ለማሻሻጥ የተጋነነ ቁጥር ነው። ካርቶኑን ተወውና ዕቃውን ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። በደቃቅ ፊደል «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 40 ዋት» የሚል ነገር ታገኛለህ። ከሶኬት 40 ዋት የሚበላ ዕቃ 3000 ዋት ከየት አምጥቶ ይሰጥሃል? 3000 ዋት እኮ የእንጀራ ምጣድ ነው! አርኤምኤስ የሚለውን ቁጥር ፈልግ፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል እሱ ነው። ለመኝታ ቤት በየስፒከሩ እውነተኛ 15 ዋት ካለህ ጎረቤት ትቀሰቅሳለህ። ብሩ ካነሰ ደግሞ ከአምስት ቀሽም ስፒከር ሁለት ደህና ይሻላል።

ጥያቄ፦ የእኔ ስፒከር «እምምም» ይላል። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ስነቅለው ዝም ይላል።

መልስ፦ መልሱን ራስሽ አገኘሽው። ላፕቶፑና ስፒከሩ በኮረንቲውም በድምፅ ገመዱም ሲገናኙ ግራውንዱ ቀለበት ይሠራል። የሚያጉረመርመው እሱ ነው። ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኪ። እንቢ ካለ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች፣ የድምፅ ገመዱ መሃል ትገባለች። ሽቦ ግን አይቆረጥም!

አንዱ፦ እኔ የግራውንዱን ቆርጬው ጸጥ ብሏል። ሁለት ዓመቱ፣ ምንም አልሆንኩም።

መልስ፦ እስካሁን።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የአባቴ አሮጌ ዴክ አለ። ካሴቱ አይሠራም። ልሽጠው?

መልስ፦ እንዳትሸጠው! ካሴቱ ቢሞትም አምፕሊፋየሩ ደህና ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ ቀይና ነጭ ቀዳዳ ፈልግ። «ኦክስ» የሚለው ላይ የኮምፒውተሩን የድምፅ ገመድ ሰካ። «ፎኖ» የሚለውን አትንካ፣ እሱ የሸክላ ማጫወቻ ስለሆነ ድምፁ ይፈነዳብሃል። ከዚያ የስፒከሩን ጨርቅ አንሳና ዙሪያውን ስፖንጁ ተበጣጥሶ እንደሆነ እይ። ኮኑን (መሃል ያለውን የሚንቀጠቀጠውን ወረቀት) በሁለት እጅህ ጣቶች ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ግፋው። የመፈግፈግ ድምፅ ካሰማ ኮይሉ (ከኋላው ያለው የሽቦ ጥቅል) ተበላሽቷል።

ደህና ከሆነ ከክፍሉ ጥግ አውጣው። ጥግ ላይ ባሱ ያብጣል። በገና ብትከፍት የአውታሩ ንዝረት ጠፍቶ ጉምጉምታ ብቻ ትሰማለህ። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሿ ስፒከር (ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው) ከጆሮህ እኩል ትሁን። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ ጣልበት። ይሄ ሁሉ በነፃ ነው፣ ማንም ግን አይሠራውም።

ጥያቄ፦ ብሉቱዝ ወይስ ገመድ?

መልስ፦ ገመድ።

አንዷ፦ ዋናው ፋይሉ ነው። ኤምፒ3 የሚሰማ ሰው ስፒከር ባይገዛ ይሻላል። እኔ ሁሉንም ወደ ፍላክ (ከድምፁ ምንም ሳይጥል ወደሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ቀይሬዋለሁ።

ሌላው፦ የእኔ እመቤት፣ መጀመሪያ በወርቅ የተለበጠ ገመድ ግዢ።

አንዷ፦ ወርቅ ለጆሮ ጉትቻ ነው!

መልስ፦ ሁለታችሁም ተዉ። ባለ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ወደ ፍላክ ሲቀየር ፋይሉ ያብጣል እንጂ ኤምፒ3 ሲሠራ የተጣለው ድምፅ አይመለስም። ወርቁም ዝገት ይከላከላል፣ ድምፅ አያሳምርም። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔ ላይ ከፊት ባለው ቀዳዳ ሄድፎን ስሰካ፣ ማውስ ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ጭርጭር ይላል።

መልስ፦ ከኋላ ሰካ። የፊተኛው ሽቦ በኬዙ ውስጥ ሲያልፍ የማዘርቦርዱን ጫጫታ ይለቅማል። ካልተወህ ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዛ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ምን ዓይነት ስፒከር ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

አንዱ፦ ጋሼ... ያ የቆረጥኩት ሽቦ፣ በፕላስተር ብቀጥለው ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ስፒናውን በሙሉ በኤሌክትሪሺያን አስቀይር። ዛሬ። እስከዚያ ንቀለው።